አፈሩ ንጹሕ ነው፤ ተክሉስ?

«ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል በዘመናችን ገበያ ብዙ ሰው የሚያምነው ምስክር ሆኗል። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይህን ስም የለበሰ ቲማቲም ከጎረቤቱ በላቀ ዋጋ ይሸጣል፤ ማሩም፣ እንቁላሉም፣ ሳሙናውም በዚሁ ቃል ይከበራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቃሉ ወደ ሌላ ተክል ተሻግሯል። በተዘጋ ክፍል፣ በመብራት ብርሃን ሥር፣ በብስባሽና በፍግ በዳበረ አፈር የሚያድግ ካናቢስ «ንጹሕ»፣ «ጤናማ»፣ «ከኬሚካል የጸዳ» እየተባለ ይወደሳል። ውዳሴው በተንቀሳቃሽ ምስል ተቀነባብሮ በየስልካችን ይደርሳል። በዱባይም፣ በጂዳም፣ በቤይሩትም የሚኖረው ወጣታችን በአንዲት የጣት ንክኪ ያገኘዋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ተክሉ እንዴት እንደተመገበ ይነግረናል እንጂ ተክሉ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ሁለቱን ማምታታት ከቃላት አጠቃቀም ያለፈ ስሕተት ነው። ሃይማኖታችንን፣ ጤናችንን፣ በስደት የሚኖሩ ልጆቻችንንም ነጻነት ይነካል።

ዕውቀቱ እውነት ነው

በፍትሕ ለመናገር፣ ከሚመሰገነው እንጀምር። ስለ ጤናማ አፈር የሚነገረው አብዛኛው ነገር እውነት ነው። አፈር ተክልን ደግፎ የሚያቆም ደረቅ ብናኝ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ የመሬት ትልና ዓይን የማያያቸው ሌሎች ፍጥረታት የሚኖሩበት ዓለም ነው። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ከተክሉ ሥር ጋር ተቆራኝተው ፎስፈረስንና ውኃን ሥሩ ከማይደርስበት ያመጡለታል፤ ተክሉም በበኩሉ በብርሃን የሠራውን ስኳር ያካፍላቸዋል። ፍግና ብስባሽ ለተክል ምግብ የሚሆኑት እነዚሁ ፍጥረታት ቀስ በቀስ ሲፈጯቸው ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ በአንጻሩ በውኃ ሟሙቶ ፈጥኖ ለሥሩ ይደርሳል፤ ያለ ልክ ሲጨመር ግን ጨው ያከማቻል፣ ወደ ከርሠ ምድር ውኃም ይሰርጋል።

በቤት ውስጥ ካናቢስ የሚያሳድጉት ሰዎች ይህንን ዕውቀት ወስደው በአንድ ክፍል ውስጥ አስገብተውታል። ብስባሹን፣ የአጥንት ዱቄቱን፣ የባሕር አረሙን፣ የሌሊት ወፍ ኩሱን ለአፈሩ ይመግባሉ፤ ፀሐይን በመብራት፣ ነፋስን በማራገቢያ ይተካሉ። ያለ ጥርጥር ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይኸው ትዕግሥት፣ ይኸው ለአፈር የተሰጠ ክብር ለጎመን ቢውል ኖሮ ሁላችንም ባመሰገንናቸው ነበር። ጥያቄው ግን በአፈሩ ላይ ስለሚበቅለው ነው።

ፉቀሃእ ቀድመው የለዩት ነገር

የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ስለ ማዳበሪያ ብዙ ተናግረዋል፤ ለዛሬው ጥያቄ የሚሆን መልስም እዚያው ይገኛል። ከታላላቆቹ ሰሐቦች አንዱ የሆኑት ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ወደ እርሻቸው ፍግ ይሸከሙ እንደነበር በፊቅህ መጻሕፍት ተዘግቧል። ፉቀሃእም በነጃሳ በዳበረ አፈር ላይ የበቀለ እህልና ፍሬ ይበላ እንደሆነ መረመሩ። በሐነፊ፣ በማሊኪና በሻፊዒይ መዝሀቦች አብዛኞቹ ሊቃውንት ፍሬው ንጹሕ ነው አሉ፤ ሥሩ የተመገበው ነጃሳ ተለውጦ ሌላ ነገር ሆኗልና። በሐንበሊ መዝሀብ የታወቀው አቋም ጥንቃቄን መርጦ ተክሉ ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውኃ እስኪጠጣ መታገሥን ጠየቀ።

ከዚህ ውይይት የምናገኘው መርሕ ግልጽ ነው። የቆሸሸ ማዳበሪያ መልካሙን እህል ካላረከሰው፣ ንጹሕ ማዳበሪያም ክልክሉን ተክል ሊቀድሰው አይችልም። ብይኑ የሚከተለው ፍሬውንና ፍሬው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ነው።

ስለ ሐሺሽ የተሰጠውን ብይን ታሪክ ብንመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከማላጋ ተነሥቶ የእስልምናውን ዓለም የዞረውና እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ ያረፈው የዕፀዋት ሊቅ ኢብኑል በይጣር፣ «የሕንድ ቃጫ» የተባለውን ተክል በግብፅ ምድር በአትክልት ሥፍራዎች ተተክሎ እንዳየው፣ ሕዝቡም «ሐሺሻ» ብሎ እንደሚጠራው ጽፏል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ሐሺሽ የአትክልት ሥፍራ ተክል ነበር። የአባይ ደለልና የከብት ፍግ እንጂ የፋብሪካ ማዳበሪያ አያውቅም፤ ፀረ ተባይ ኬሚካልም አልነካውም። ዑለማእ የከለከሉት ሐሺሽ በሙሉ ዛሬ «ኦርጋኒክ» የምንለው ዓይነት ነበር። ከኬሚካል ነጻ መሆኑ ከብይኑ ነጻ አላወጣውም።

ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ ሊቃውንቱ የተክሉን ንጽሕናና የአጠቃቀሙን ብይን ለያይተው ማየታቸው ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ታላቁ ሊቅ ኢማም ነወዊ እንደነዚህ ያሉ አስካሪ ዕፀዋት በአካላቸው ነጃሳ እንዳልሆኑ፣ ለስካር መጠቀማቸው ግን ሐራም እንደሆነ ጽፈዋል። ኢብን ተይሚያ ደግሞ እንደ ኸምር ነጃሳ ናቸው ወደሚለው አዘንብለዋል። የግብፁ ሊቅ ዘርከሺ ስለ ሐሺሽ ክልክልነት ራሱን የቻለ ድርሳን አዘጋጅተዋል። በንጽሕናው ጉዳይ ተለያዩ፤ በክልክልነቱ ግን አንድ ሆኑ። መሠረታቸውም አስካሪ የሆነ ሁሉ ከኸምር እንደሚቆጠር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈው ሐዲስና፣ እመት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት አስካሪውንና አደንዛዡን በአንድነት የሚከለክለው ሐዲስ ነው።

ቁርኣን ስለ ምግብ ሲያዝዝ ሐላልንና ጠይብን አጣምሮ ያነሣል። ኦርጋኒክ የሚለው ማረጋገጫ ለጠይብነት በከፊል ሊመሰክር ይችል ይሆናል። ስለ ሐላልነት ግን ቃል የለውም።

ማዳበሪያ የማይለውጣቸው ነገሮች

ሃይማኖታዊውን ብይን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ከጤና አንጻር ብቻ ብንመዝነውም «ንጹሕ ነው» የሚለው ክርክር አይቆምም። አእምሮን የሚለውጠው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለው፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የሚመጣ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ በአበባው ላይ ይሠራዋል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የተክሉ ዝርያዎች እየተመረጡና እየተዳቀሉ በመምጣታቸው ኃይላቸው ጨምሯል። በአሜሪካ ሕግ አስከባሪዎች ከያዙት ካናቢስ የተወሰዱ ናሙናዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ቲኤችሲ ነበራቸው፤ በ2021 ወደ 15 በመቶ ደርሷል። የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ዕድሜ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። በወጣትነት ኃይለኛ ካናቢስን አዘውትሮ መጠቀም ከአእምሮ ሕመም መጨመር ጋር እንደሚያያዝ በተደጋጋሚ ጥናቶች ታይቷል። ብስባሽ ይህን አደጋ አይቀንሰውም፤ አፈሩ በተሻለ ቁጥር ተክሉ ይበረታል እንጂ አይለዝብም።

ጭሱም እንዲሁ ነው። የትኛውም ቅጠል ሲቃጠል ቅጥራንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ እሳት ቅጠሉ በምን እንደዳበረ አይጠይቅም።

ካናቢስ ከአፈር ውስጥ ከባድ ብረቶችን ስቦ በአካሉ የሚያከማች ተክል መሆኑም የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በቼርኖቤል አካባቢ የተበከለ አፈርን ለማጽዳት የተሞከረው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነበር። «ተፈጥሯዊ» ከሚባሉት ማዳበሪያዎች መካከል እንደ ፎስፌት ድንጋይ ያሉት ካድሚየም ሊይዙ ይችላሉ። ከላቦራቶሪ ምርመራ ውጭ በጓዳ የበቀለውን ተክል ንጽሕና የሚያረጋግጥ ማን ነው? በእርጥብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ በአበባው ላይ የሚያድገው ሻጋታስ?

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ የሚነገረውም ቢሆን በመብራት ቆጣሪው ፊት ይሸነፋል። በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ በተዘጋ ሕንፃ ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ የካናቢስ አበባ ለማምረት እንደየቦታው ከ2,283 እስከ 5,184 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመዘን በካይ ጋዝ እንደሚለቀቅ አስልተዋል። የዚህ ዋና ምንጭ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና አየር ማመላለሻው ናቸው። ፀሐይን አጥፍቶ ኤሌክትሪክ የሚያበራ እርሻ፣ በማሰሮው ውስጥ የመሬት ትል ስላኖረ ብቻ የተፈጥሮ ወዳጅ አይባልም።

ስያሜውም ራሱ አከራካሪ ነው። ካናቢስ በብዙ ግዛቶች በተፈቀደባት አሜሪካ እንኳ የፌዴራሉ መንግሥት የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ለአስካሪው ካናቢስ አይሰጥም፤ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነውና። ካሊፎርኒያ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 በሌላ ስም የሚጠራ የራሷን ማረጋገጫ አቋቁማለች። በየገጹ «ኦርጋኒክ» እያለ የሚያስተዋውቀው ሰው፣ በዚያ ገበያ እንኳ ያልተሰጠውን ስም ይጠቀማል ማለት ነው።

ስለ መድኃኒትነቱስ?

ከአንባቢያን መካከል «ዓለም ለመድኃኒትነት እየፈቀደው አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዚሁ ተክል የወጣውና አእምሮን የማያሰክረው ሲቢዲ የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ኤፒዲዮሌክስ የተሰኘ መድኃኒት፣ ሕፃናትን ለሚያሠቃዩ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽንም በታኅሣሥ 2020 በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን እጅግ ጥብቅ ከሆነው መዝገብ አውጥቶታል፤ ከቁጥጥር ሥር ግን አላወጣውም። ሸሪዓም ለሕመምተኛ በሩን አልዘጋም። ሐኪም ሲያዝዝ፣ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ፣ በልኩ የሚወሰድ መድኃኒት በአስገዳጅ ሁኔታ ሕግ ይታያል።

ይሁንና መድኃኒቱ የሚሠራበትን መንገድ ልብ እንበል። በእንግሊዝ ኖርፎክ የሚገኘው የዊሲንግተን ግዙፍ ግሪንሃውስ ለዓመታት ቲማቲም ሲያመርት ቆይቶ፣ ለዚሁ መድኃኒት የሚውለውን ተክል ወደ ማምረት የተሸጋገረው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ፣ ተጣርቶ፣ ተመዝኖ ለሕሙማን ይደርሳል። በጓዳ ተተክሎ የሚጨሰው ከዚህ ጋር የሚያገናኘው የተክሉ ስም ብቻ ነው።

በአካባቢያችን ያሉት አገሮችም የከፈቱት መንገድ ወደ ጓዳ የሚወስድ አይደለም። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሞሮኮ ደግሞ በ2021 ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውል እርሻን በፈቃድ የሚያስተዳድር ሕግ አውጥተዋል። ዓላማቸው የበቃዕ ሸለቆንና የሪፍ ተራሮችን ገበሬዎች ከድብብቆሽ ማውጣት ነው። የሞሮኮው ንጉሥ ሙሐመድ ስድስተኛ በነሐሴ 2024 በካናቢስ እርሻ ምክንያት ለተፈረደባቸው ወይም ለሚፈለጉ 4,831 ሰዎች ምሕረት ማድረጋቸው የዚሁ አካል ነበር። ከሪፍ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ ጥናት ካናቢስ በሞሮኮ 134,000 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ ነበር። ለዚህ ሲባል ደን ተመነጠረ፣ ተዳፋቱ ለጎርፍ ተጋለጠ፣ ውኃ የሚጠሙ አዳዲስ ዝርያዎች ምንጮችን አደረቁ። አፈርን እንወዳለን የሚሉ ሰዎች የመረጡት ተክል፣ በእነዚያ ተራሮች ላይ የአፈር ጠላት ሆኖ ኖሯል።

የተከራየነው ክፍል

አሁን ወደ እኛው እንምጣ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ካናቢስ መትከል ወንጀል ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠቃሚነት በተያዘ ሰው ላይ የሚጣለውን ቅጣት አቅልሏል፤ መትከልና ማዘዋወር ግን ዛሬም በከባድ ወንጀልነት ያስጠይቃሉ። በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ማምረትን ይቀጣል። ከእነዚህ ሕጎች አንዱም ተክሉ በምን ማዳበሪያ እንደበቀለ አይጠይቅም። ዳኛ ፊት ቀርቦ «ኬሚካል አልጨመርኩበትም» ማለት ማስተባበያ አይሆንም።

የስደተኛውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳል። አብዛኛው ወገናችን ክፍሉን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ነው የሚኖረው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አራትም ስድስትም ሆነው ያድራሉ። አንዱ ከመጋረጃ ጀርባ የተከለው ማሰሮ ሲገኝ ፖሊስ በክፍሉ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። ምንም የማያውቀው አብሮ አዳሪ ንጹሕነቱን እስኪያስረዳ ድረስ ሥራው ይቋረጣል፣ የመኖሪያ ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የእርሱ ወርኃዊ ሐዋላ በወሎ፣ በጅማ ወይም በአርሲ የአንድ ቤተሰብ የቤት ኪራይና የልጆች ደብተር ነው። ያ ሁሉ በአንድ ማሰሮ ምክንያት ይቆማል። በሌላው ላይ ጉዳት ማድረስን የሚከለክለው የሸሪዓ መርሕ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አያሻውም።

ይህን የምንለው በሱስ የተያዘውን ወገን ለማራቅ አይደለም። እንዲያውም ዝምታና ነውር ወደ ጓዳ እየገፉት ነው። በኤምሬቶች ሕግ በራሱ ፈቃድ ሕክምና የጠየቀ ተጠቃሚ እንዳይከሰስ የሚያደርግ ድንጋጌ አለ። ወንድሙን የሚወድ ሰው ይህን መንገድ ያሳየው፤ አብሮት ይሂድ፤ ነውሩን ይሸፍንለት። ሱሰኛውን ወንድም በዝምታ ከመቅበር በምክር ማትረፍ ይሻላል። የመስጊድ ኢማሞችና የማኅበረሰብ ሽማግሌዎችም «ሐራም ነው» በማለት ብቻ ሳይወሰኑ፣ «ኦርጋኒክ ነውና ችግር የለውም» ለሚለው አዲስ ክርክር መልስ ይዘው መገኘት አለባቸው። ወጣቱ የሚሰማው ይህንን ክርክር ነውና።

ዕውቀቱን ወደ ባለቤቱ እንመልስ

ስለ ሕያው አፈር የሚነገረው ዕውቀት ከካናቢስ ጋር አልተወለደም። በዐሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን የቶሌዶው ኢብን በሳል አፈርን በዐሥር ዓይነት ከፍሎ የየአንዳንዱን ጠባይ ገልጿል። በዐሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሴቪሊያው ኢብኑል ዐዋም ያዘጋጀው ታላቅ የእርሻ መጽሐፍ የሚጀምረው ስለ አፈር በሚናገር ምዕራፍ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ፍግና ማዳበሪያ ይሻገራል። ሙስሊም ሊቃውንት ፍግን እንዴት ማብሰል፣ ከምን ጋር ማደባለቅ፣ ለየትኛው ተክል መስጠት እንደሚገባ የጻፉት ሰው እንዲጠግብ ነበር።

በአገራችንም ምሳሌው ቅርብ ነው። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ገበሬዎች ጋር በጀመሩት ሥራ፣ በብስባሽ የዳበረ ማሳ በፋብሪካ ማዳበሪያ ከዳበረው ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። የብስባሹ ጥቅም ወደ ቀጣዩ ዓመትም ይሻገራል። ይህ በአንድ ክፍል ውስጥ የተደበቀ ሙከራ አልነበረም፤ ጤፍና ገብስ ነበር፣ የልጆች እንጀራ ነበር።

በባሕረ ሰላጤው የሚኖር ቤተሰብም ይህን ዕውቀት በመስኮቱ ሥር ሊሠራበት ይችላል። የአገሩ አሸዋ ውኃ አይዝም፤ ብስባሽ ሲቀላቀልበት ይይዛል። ከጀበናው የሚተርፈው የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጩ፣ የእንቁላል ቅርፊቱ በክዳን ባለው ዕቃ ከደረቅ ቅጠል ወይም ከተቀደደ ካርቶን ጋር ተቀላቅሎ፣ አየርና ልከኛ እርጥበት ካገኘ በጥቂት ወራት ወደ ጥቁር ለም አፈር ይለወጣል። የበጋው ሙቀት ሰገነቱን ሲያቃጥል ማሰሮዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናዕናዕ በአንዲት ብርሃን በምታገኝ መስኮት ሥር ይበቅላሉ። ፖሊስ ቢያንኳኳ የሚደበቅ ነገር የለም፤ እንግዳ ቢመጣ ደግሞ ጤና አዳሙ ለቡናው ይቀነጠባል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል። የተካዩ ምንዳ ከበይው ጥቅም ጋር የታሰረ መሆኑን እናስተውል። ስለዚህ ማሰሮ ገዝቶ አፈር የሚሞላ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከዚህ ተክል የሚቀምሰው ሰው፣ ልጄም ይሁን ጎረቤቴ፣ ከቀመሰ በኋላ እንዴት ሆኖ ይነሣል? ጠግቦና በርትቶ የሚነሣ ከሆነ፣ አፈሩን ያዳብር፤ አላህም ይባርክለት። አእምሮውን ስቶ የሚነሣ ከሆነ ግን የዓለም ብስባሽ ሁሉ ቢከመርበት ተክሉን አያነጻውም።